ክብ ማኅተም፣ ቀለሙ ወይን ጠጅ

ቃሊቲ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለክብርት ዶክተር ሳዲያ አቡዘር
ጎተንበርግ፣ ስዊድን

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ልጄ ሳዲያ፣ ከአገሩ ብርድም ከአገሩ ሰውም ክፉ አላህ ይጠብቅሽ፤ የያዝሽው ይባረክ፣ ያላየሽው ይቅለል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እናትሽ ሐጀራ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፤ ምላሷን ግን ምንም አላመማትም።

ሰው ቢጠይቅሽ ዝምድናችን የአባትሽ የአክስት ልጅ መሆኔ ነው። ሲቸግረኝ ግን አጎትሽ ነኝ፤ ዛሬ አጎትሽ ነኝ። ገንዘብ አልጠይቅሽም። ይህም ደብዳቤውን በቤተሰባችን ዘንድ የመጀመሪያው ያደርገዋል። በስልክ ያልጠየቅሁሽ ጉዳዩ ሥዕል ስለሚፈልግ ነው፤ ስልኩ እንደሆነ አንቺ ስታስነጥሺ ካርዱ ያልቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ መመሪያ መጥቷል። «ከግንቦት 20 በፊት የድንገተኛ ሕክምና የምስክር ወረቀት ያልያዘ ማንኛውም የአምቡላንስ ሠራተኛ ወደ ሌላ ተሽከርካሪ ይዛወራል» ይላል። እኔ አምቡላንስ መንዳት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ሌላው ተሽከርካሪ የተባለው የውኃ ቦቴ ነው። ቦቴ ነውር የለበትም። ግን ውኃ ቢያደርሱት አይመርቅም። ደግሞ ከዚህ ሥራ አሁን መነሣት የለብኝም፤ ምክንያቱን ሌላ ጊዜ።

ሥልጠናው ከዱቄት መጋዘን በላይ ባለ የኪራይ አዳራሽ ይሰጣል። ሠላሳ አንድ ነን፤ ሹፌር፣ ረዳት፣ ሁለት ዘበኛም አሉበት። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ በአማርኛ ይነበባል፣ በዝምታ ይፀድቃል። ልቡ የቆመ ሰው ደረት እንዴት እንደሚጫን የሚለመድባት አንዲት አሻንጉሊት አለች። ከወገቧ በታች የላትም። በትክክል ከተጫኗት «ቀጭ» ትላለች ይባላል። ይባላል የምልሽ ሰምቻት ስለማላውቅ ነው፤ ከተገዛች ሁለት ዓመቷ ነው፣ ንብረት ክፍል ከነላስቲኳ ተቆልፎባታል። እኛ «ሙሽራዋ» እንላታለን። የንብረት ክፍል ኃላፊዋን ወይዘሮ ፀሐይቱን ጠየቅናቸው።

«ቋሚ ዕቃ ናት» አሉን።

«መለማመጃ አይደለችም እንዴ?»

«ናት። ከተለማመዳችሁባት ግን ታረጃለች።»

«ታዲያ ለምን ተገዛች?»

«ለፈተና ቀን ነዋ! በኔ ፊርማ ነው ያለችው። ጎድኗ ቢሰበር ጎድኔን ልትሰጡኝ ነው?»

ስለዚህ ከታች ከመጋዘኑ የፉርሽካ ከረጢት ለምነን እሱን እየተጫንን ነው። ፉርሽካ ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል እንጂ አይመለስም። እኔ እስከ ዛሬ አራት ከረጢት ገድያለሁ።

እንግዲህ አንቺ እዚያ አምቡላንስ ላይ የምትሠሪ ሐኪም ነሽና እባክሽ ጻፊልኝ። ደረት ስንት ጣት ያህል ይጫናል? በደቂቃ ስንቴ? ስንቴ ተጭነን ስንቴ እናስተነፍስ? እጅ የት እንደሚያርፍም ሣዪልኝ። አንድ ሌላ፣ ለማወቅ ያህል ብቻ ነው፤ ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው ተኝቶ ቢያንኮራፋ፣ እንቅልፍ ወሰደው ማለት ነው?

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ መልስሽን ግን ያሳጥረው፣ ቶሎ እንዲደርስ።

አጎትሽ መንሱር ይማም


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 28 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ መንሱር ይማም

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እርስዎም፣ እናቴም፣ ጎረቤቱም በሙሉ እንዴት ሰነበታችሁ? ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወር ሊሞላው ነው። የዘገየሁት ልቤ ረስቶ አይደለም፤ መልሱን በትክክል ላጣራ ብዬ ነው።

ሥዕሉ ከዚህ ጋር አለ። የአንድ እጅዎን መዳፍ ሥር ደረቱ መሐል፣ በሁለቱ ጡቶች መካከል ያሳርፉ፤ ሌላኛውን እጅ ከላይ ይደርቡበት። ክርንዎ አይታጠፍ፤ በክንድዎ ሳይሆን በሰውነትዎ ክብደት ይጫኑ። ጥልቀቱ ቢያንስ አምስት ሳንቲሜትር ነው። የርስዎን ጣት አስታውሳለሁና ሦስት ጣት ይበቃል። በደቂቃ ከመቶ አያንስም። ሠላሳ ጊዜ ተጭነው ሁለት ጊዜ ትንፋሽ ይስጡ፤ እንደገና ሠላሳ። በተጫኑ ቁጥር ደረቱ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ይልቀቁት። ልቡ ደም የሚሞላው ያን ጊዜ ነው። ፉርሽካው ያላስተማረዎት ይህንን ነው። እዚህ ፍጥነቱ እንዳይጠፋቸው በሆዳቸው ዘፈን ይዘፍናሉ፤ እርስዎም የሚያውቁትን ይፈልጉ።

ስለ ማንኮራፋቱ፤ ራሱን የሳተ ሰው ቢያንኮራፋ እንቅልፍ አይደለም። ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮውን እየዘጋው ነው። አገጩን ቀና አድርገው በጎኑ ያስተኙት፤ ትውከትም ቢኖር ወደ ውጭ ይፍሰስ። ቤንት የሚባል የሥራ ቦታዬ ሰው ጥያቄዎን ሳነብለት፣ «ይሄ ለማወቅ ያህል የሚጠየቅ አይደለም» አለኝ። ለምን ጠየቁ አጎቴ?

አንድ ልመና አለኝ፤ ፖስታው ላይ «ዶክተር» አይበሉ። ፖስተኛው ግራ ይገባዋል።

የእናቴን ጉልበት አደራ።

ሳዲያ


ቃሊቲ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለትሑቷ ዶክተር ሳዲያ

አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ። እጅሽ ይባረክ፣ የጻፍሽበት ወረቀት ይባረክ፣ ወረቀቱ የተሠራበት ዛፍም ጀነት ይግባ። ትሕትናሽ ደስ ብሎኛል፤ ለፖስተኛው አታስቢ፣ ይልመደው።

ዘፈን ላልሽው እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ መንዙማ እያለልኝ ዘፈን ምን ያደርግልኛል? ሰዓት ይዤ ጭብጨባውን ቆጠርኩት፤ በደቂቃ መቶ ስምንት። በሆዴ እያልኩት ከረጢቱን ስጫን አንዳንዴ ያመልጠኛል። ጓደኞቼም ይቀበሉኛል፤ ቀናው የሚባለው ረዳቴ የማርያም ልጅ ሆኖ ሳለ ከሁላችን አብልጦ ያጨበጭባል።

አሁን ግን ችግር ላይ ነኝ፤ ችግሩም ካንቺ የመጣ ነው። መምህራችን ብሩህ ይባላል። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ክራቫቱን ጭምር ብትመዝኚው አምሳ ኪሎ አይሞላም። ሰኞ ዕለት ከጎኔ ቆሞ ሲሰማ ቆየና፣

«ጋሼ መንሱር፣ ስንት ነው የሚቆጥሩት?» አለኝ።

«ሠላሳ።»

«ኖታችሁ ላይ አሥራ አምስት ነው የሚለው።»

«ኖቱ አርጅቷል መምህር። አሁን ሠላሳ ሆኗል።»

«ማን አደረገው?»

«ስዊድን ያለች የወንድሜ ልጅ፣ ዶክተር ናት።»

«ስዊድኖች የራሳቸው ልብ ሊኖራቸው ይችላል» አለኝ። «እኛ የምንሄደው በኖታችን ነው።»

«ልባቸውማ ያው ነው፤ ኖታቸው ነው የሚለየው» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ያጠፋኝ መልሱ አይደለም፤ ሳቁ ነው።

ዓርብ የአንድ ለአምስት ግምገማ ተጠራ። የቡድናችን መሪ ጀቤሳ ቃለ ጉባኤውን ቆሞ አነበበ፦ «ሠልጣኝ መንሱር ይማም ከውጭ በመጣ መረጃ በመመካት የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ ማሳየቱ ተገምግሟል።»

«ምን ሰበሰብኩ?» ብዬ ጮኽኩ።

«አሥራ አምስት ትርፍ» አለ አንዱ ከኋላ።

ውሳኔው ይህ ነው። እስከ የካቲት 30 ድረስ ሠላሳ ለመሆኑ ባለሙያ የጻፈው ማኅተም ያለበት ማስረጃ ካላቀረብኩ ለፈተና አልቀመጥም። ፈተና ካልተቀመጥኩ ቦቴ ነው። ማኅተሙ ክብ፣ ቀለሙም ወይን ጠጅ እንዲሆን በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። ባለአራት ማዕዘን ማኅተም የጋራዥ ነው ብለው ያምናሉ።

ይቅርታ ጠይቄ አሥራ አምስት ብቆጥር ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር፤ ቀናውም «በል ጠይቅና ተገላገል» ይለኛል። ግን ልጄ፣ ትክክሉን አንዴ ካወቅሁ በኋላ ስሕተቱን እየቆጠርኩ ሰው ደረት ላይ መውጣት አልቻልኩም። ስለዚህ በስምሽ፣ በማዕረግሽ፣ በማኅተምሽ አንድ ገጽ ላኪልኝ። ላንቺ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

አጎትሽ መንሱር


ቃሊቲ፣ የካቲት 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

ልጄ ሳዲያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዛሬ ምርቃቱን አሳጥሬዋለሁ፤ ሙሉውን መልስሽ ሲደርስ እከፍላለሁ።

ፖስታ ቤት ስሄድ ሠራተኛዋ ሳልጠይቃት በሩቁ ራሷን ትነቀንቅልኛለች። እናትሽ ዓርብ ዓርብ እንደምትደውዪላት ነገረችኝ። ስለኔ ደብዳቤ ስትጠይቅሽ «እሺ» ብለሽ ስለ ጉልበቷ ትጠይቂያታለሽ አሉ። ጉልበቷ እኮ ማኅተም የለውም።

ያስቀየምኩሽ ነገር ካለ ዐፉ በይኝ። ጥያቄዬንም አቅልያለሁ። ወይን ጠጅ ባይሆን ሰማያዊ ይሁን፤ ቀለሙን አውሮፕላን ላይ ብርድ መታው እላለሁ። አንድ ገጽ ባይሆን ሁለት መስመር ይበቃል። ክብነቱን ብቻ መቀነስ አልቻልኩም።

ሃያ ሰባት ቀን ቀርቷል።

መንሱር


ጎተንበርግ፣ የካቲት 14 ቀን 2005 ዓ.ም.
(ወደ አገር ቤት በምትመጣው ጓደኛዬ በኢንቲሳር እጅ፤ ቦሌ ስትደርስ ትደውልልዎታለች)

ለተከበሩ አጎቴ

ወዐለይኩሙ ሰላም። አላህ ጤናዎን ይስጥዎ፣ ልብዎንም ያስፋልኝ፤ ሰፊ ልብ የሚፈልግ ነገር ልነግርዎት ነው።

እኔ ዶክተር አይደለሁም። ነርስም አይደለሁም። አምቡላንስ ላይ እሠራለሁ ያልኩት ውሸት አይደለም፤ ግን የምሠራው አምቡላንሱ ሲቆም ነው። ደሙን አጥባለሁ፣ ወለሉን እወለውላለሁ፣ አንሶላውን እቀይራለሁ። ሥራውን ያገኘሁ ቀን ለእናቴ «አምቡላንስ ላይ ገባሁ» አልኳት። «ዶክተሯን» የጨመረችው እሷ ናት። እኔ ዝምታውን ጨመርኩ። ሳሪስ ሠፈራችን ውስጥ ስሜ በዚያ ሲጠራ ስድስት ዓመት ሰምቼ ዝም አልኩ።

መልሶቹ ሁሉ የቤንት ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት አምቡላንስ ላይ የሠራ፣ ሌሎቹን የሚያስተምር ሰው ነው። ደብዳቤዎ ሲመጣ እየተረጎምኩ በምሳ ሰዓት እጠይቀዋለሁ፤ እሱ ዕረፍት ላይ ሲሆን እጠብቀዋለሁ። የምዘገየው ለዚህ ነበር። ማኅተሙን ሲጠይቁኝ ግን የዘገየሁት ፈርቼ ነው።

በመጨረሻ ሁሉንም ነገርኩት። ቁጭ ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈው፤ ሠላሳና ሁለት፣ አምስት ሳንቲሜትር፣ ከመቶ በላይ፣ ደረቱ ይመለስ፣ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንደተለወጠ ጭምር። ስሙን፣ ሥራውን፣ ስልኩን ጽፎ ፈረመ።

«ማኅተም ምታበት» አልኩት።

«ፈርሜያለሁ እኮ።»

«ፊርማን ማን ያምናል?»

«እኛ ማኅተም የለንም» አለኝ።

አጎቴ፣ ይህ አገር ያለ ማኅተም ነው የሚኖረው። እኔም አላመንኩምና ጣቢያውን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ። አንድ ማኅተም ብቻ አለ፤ እሱም እኔው ጋ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል። የታጠበ አንሶላ በከረጢት ሲታሸግ ላዩ ላይ የምመታው ነው። ክብ ነው። ወይን ጠጅ ነው። መሐሉ ላይ ዘውድ አለው። ዙሪያውን በስዊድንኛ «ታጥቧል፤ ተፈትሿል፤ ለአገልግሎት ዝግጁ ነው» ይላል።

ቤንት እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ማኅተሙን ተቀብሎኝ ራሱ መታው፤ አንዴ አልጠገበም፣ ሁለቴ።

የደብዳቤው ቃል እውነት ነው። ማኅተሙ ስለ አንሶላ ነው። ማቅረቡንም መተዉንም ለእርስዎ ትቻለሁ። ቢያፍሩብኝም ይገባኛል። ለእናቴ ብቻ አይንገሩብኝ፤ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።

ሳዲያ


ቃሊቲ፣ መጋቢት 10 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሳዲያ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። የተበደርኩት ምርቃት ይኸው፦ እጅሽ የነካው ይጽዳ፣ ያጸዳሽው ይሽር፣ የዋለልሽ ሰው ይዋልለት፤ ቤንትንም አላህ ያቆይልን፣ ቢቻል ወደ መንገዱ ይምራው።

ማፈሩን ተይው። ሐኪም የሆኑ ዘመዶች አሉኝ፤ ለደብዳቤዬ መልስ የሰጠኝ የለም። ሰው ጠይቀሽ ትክክለኛውን ላክሽልኝ። እኔ የፈለግሁት ያንን ነበር፤ ማዕረጉን ለፖስተኛው ነው የጻፍኩት።

የኮሚቴውን ነገር ልንገርሽ። ደብዳቤውን አላነበቡትም፤ ማኅተሙን አነበቡት። ጀቤሳ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ብርሃን አሳየው።

«ዘውድ አለበት» አለ። «የመንግሥት ነው።»

«ሁለት ጊዜ ተመቷል» አለ ሌላው።

«ሁለት እርከን ያለፈ ነዋ!»

በሙሉ ድምፅ ፀደቀ። ቅጂው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ ዋናው ከሙሽራዋ ጎን በብረት ሣጥን ተቆልፏል። ከሰኞ ጀምሮ ሠላሳ አንዳችንም ሠላሳ እንቆጥራለን። የኔም ኪራይ ሰብሳቢነት «በራስ ተነሣሽነት የተገኘ ተሞክሮ» ተብሎ ተሻሽሏል። ስዊድንኛውን ማንም አልጠየቀኝ፤ ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር። እነሱ የሚመቱብን ማኅተም እንዲህ ያለ ቃል ኖሮት አያውቅም።

ብሩህ ግን ደብዳቤውን አነበበው። ሁሉም ከወጡ በኋላ ጠበቀኝና፣ «ጋሼ መንሱር፣ ኖቱ እኔም የተማርኩበት ነው። ከዚያ ወዲህ አዲስ የላከልኝ የለም። ያቺን ሥዕል ኮፒ ላድርጋት?» አለኝ። ክራቫቱን ፈትቶ ነበር። ሥዕሏን ሰጠሁት። ልጁን ሳላውቀው አስቄበታለሁ።

አንቺ ከነገርሽኝ እንግዲህ እኔም ልንገርሽ።

ነሐሴ ላይ ነው። ቡልቻ የሚባል ጫኝ አውራጅ እዚሁ መጋዘን በር ላይ የሚጥል በሽታው ጣለው። ስንደርስ ሰዉ ከብቦት ክብሪት እየለኮሰ አፍንጫው ሥር ያጨስለታል፤ እኛም ያደግነው በዚሁ ነውና አንድ ሁለት ክብሪት ቆመን ጠበቅን። መንቀጥቀጡ ቆመ። በጀርባው አስተኝተን ጫንነው። ቀናው ከኋላ፣ የቡልቻ ወንድም ከጎኑ፣ እኔ መሪ ላይ። ሳሪስ ሳንደርስ ማንኮራፋት ጀመረ።

«ተኛልህ፣ ተመስገን» አለኝ ቀናው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ይረፍ» አልኩ። ወንድሙ ኮቱን አውልቆ አለበሰው፤ ብርድ እንዳይመታው።

ሳሪስን አለፍ ስንል ማንኮራፋቱ ቆመ። ሦስታችንም ከባድ እንቅልፍ ወሰደው ብለን ድምፃችንን ዝቅ አደረግን። እኔ ሳይረኑን አጠፋሁ። እንዳይቀሰቅሰው ብዬ።

ሐኪም ቤት በር ላይ «ሞቷል፤ ስንት ደቂቃው ነው?» አሉን። ማንም አልከሰሰንም። ወንድሙ አመስግኖን ነው የሄደው፤ «በሰላም አሳረፋችሁልኝ» ብሎ።

ለማወቅ ያህል ያልኩሽ ይኼ ነው። ከዚህ ሥራ አሁን መነሣት የለብኝም ያልኩሽም ይኼ ነው። ሳላውቅ ሠርቼ፣ ሳውቅ ቦቴ ላይ ልውጣ?

አጎትሽ መንሱር


ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ። ለቡልቻ አላህ ይዘንለት፤ ለእርስዎም ልብ መረጋጋትን ይስጥ።

ለቤንት አነበብኩለት። ከዚያ እሱም ሥራ በጀመረ በሁለተኛ ዓመቱ እንዲህ ያለ ሰው እንደነበረው ነገረኝ፤ ስሙን እስከ ዛሬ ያስታውሳል። «አጎትሽ ስሙን ጻፈልሽ አይደል? ይበቃል፣ ጎበዝ ይሆናል» አለኝ።

ዓርብ ለእናቴ ነገርኳት። «እናቴ፣ ዶክተር አይደለሁም፤ አጽጂ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ዶክተር ሴት በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ሙሉ ከእናቷ ጋር ታወራለች? ከንቱ። ለሠፈሩ ግን አትንገሪ፤ እኔ ቀስ ብዬ ነው የማወርድሽ።»

መጀመሪያ ነርስ ልታደርገኝ አስባለች።

የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ሐሙስ ሐሙስ ሲለማመዱ ቤንት ከእነሱ ጋር ያስገባኛል። ለጊዜው የተሰጠኝ የበሽተኛው ቦታ ነው። ባለፈው ተኝቼ ሳንኮራፋ አራት ግዙፍ ሰዎች ዘለው በጎኔ አዞሩኝ። ወገቤን እስካሁን ያመኛል።

ለፈተናው አላህ ይርዳዎት። ክርንዎ አይታጠፍ።

ሳዲያ


ቃሊቲ፣ ሰኔ 5 ቀን 2005 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሳዲያ አቡዘር፣ ለጊዜው በሳሪስ ሠፈር ነርስ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ወገብሽን ይማርልኝ፤ ያዞሩሽን ሰዎች ክንድም አያዝለው።

ፈተናውን አለፍኩ። ከሠላሳ አንዳችን ሃያ ስድስት አልፈናል። ሙሽራዋ ወጥታ ጠረጴዛ ላይ ተጋደመች፤ ወይዘሮ ፀሐይቱ ላስቲኳን አላስወልቅም ብለው ከፈታኞቹ ጋር ተሟግተው እስከ አንገቷ ድረስ ብቻ ተገለጠች። እያንዳንዳችን ስንጫናት ሴትዮዋ ከጎን «ጎድኗን! ጎድኗን!» ይላሉ። «ቀጭ» አለች። ከፉርሽካው በጣም ትጠነክራለች፤ ግን እንዳልሽው ትመለሳለች። መንዙማው ከአፌ አምልጦ ፈታኙ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን እየመታ ቆጠረልኝ።

የምስክር ወረቀቱ የግንቦት 20 በዓልን ምክንያት በማድረግ፣ ከብዙ ንግግር በኋላ ተሰጠን። ሰኞ ሥራ ስገባ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ጠበቀኝ። «የሠለጠነ ባለሙያ መሪ ይዞ መባከን ስለሌለበት ከኋላ፣ ከሕሙማን ጋር ይመደባል። ተሽከርካሪውን ያልሠለጠነ ሹፌር ይረከባል።» ያልሠለጠነው ሹፌር ሮሪሳ ይባላል። ከየት መጣ ብትዪኝ፣ ከውኃ ቦቴው ነው። እሱን በሚቀጥለው በጀት ዓመት ያሠለጥኑታል አሉ። ካለፈ እሱም መሪውን ያጣል ማለት ነው።

አልዋሽሽም፣ ተናደድኩ። ብወድቅ ቦቴ፣ ባልፍ ኋላ፤ መሪዋን የሚያስይዘኝ ውጤት አልነበረም። ቁልፉን ሳስረክብ ሮሪሳ፣ «ጋሼ፣ ምክር ካለዎት?» አለኝ። እኔም በኩራት፣ «እንዳትቆም። ሰው ይሰደብ፣ ታክሲ ይጩህ፣ አንተ ብቻ እንዳትቆም» አልኩት። እጄን ሳመኝ።

ረቡዕ ቂሊንጦ ተጠራን። ግንባታ ላይ የምትሠራ ሮዳስ የምትባል ልጅ ጭኗ ላይ ብረት ገብቶ ወጥቷል። ደሙ በግፊት ነው የሚመጣው። ያገኘሁትን ጨርቅ ሁሉ ቁስሉ ላይ ከምሬ በሁለት እጄ ተጫንኩ፤ ክርኔ አልታጠፈም። ደሙ ቆመ። በሩ ተዘጋ፤ ሮሪሳ ሳይረኑን ለቀቀ፣ ነዳ።

ኋላ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተቀምጬበት አላውቅም ነበር። ከዚያ መንገዱ አይታይም። መንገዱ ደግሞ ለባቡሩ ተቆፍሮ ተቆፍሮ አልቋል። በአንዱ ጉድጓድ ጭንቅላቴ ጣሪያውን መታ፣ እጄ ከቁስሉ ላይ ተነሣ፣ ደሙ ፊቴ ላይ መጣ። መልሼ ተጫንኩ። ሌላ ጉድጓድ፤ እንደገና ተነሣ። ሮሪሳ ጎበዝ ነው፤ እንደመከርኩት አይቆምም። ልጅቷ ከንፈሯ ነጣ። ዓይኗን ግን ከኔ ላይ አልነቀለችም። በእግሬ ከሹፌሩ የሚለየንን መስኮት ደበደብኩ።

«ቀስ በል!»

«ጋሼ፣ ትሞትብናለች እኮ!»

«የምትሞተው በፍጥነትህ ነው! ቀስ በል፣ እጄ ይርጋ!»

ቀስ አለ። ሳይረን እያስጮኸ እንደ አህያ ጋሪ ሲሄድ ከጎን ያሉ ታክሲዎች ጥሩንባ ነፉብን፤ ረዳቶቹም የሚሉትን አሉን። ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ዞራቸው። እጄ አልተነሣም። ሐኪም ቤት ደርሰን ሲረከቡን እንኳ ጣቶቼን ነርሷ ናት ከጨርቁ ላይ አንድ በአንድ ያላቀቀችልኝ።

ትናንት ልጠይቃት ሄጄ ነበር፤ ትራስ ተደግፋ ብርቱካን ትበላለች። ሮሪሳም አብሮኝ ነበር። ስንመለስ፣ «ጋሼ፣ የምክርዎን ነገር ምን እናድርገው?» አለኝ። በመስኮቱ ከፊታችን ያለውን ጉድጓድ አሳየሁት።

ልጄ፣ ዘጠኝ ዓመት ስነዳ ከኋላዬ «ቀስ በል» ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። ጎበዝ ነጂ ስለሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

አጎትሽ መንሱር ይማም